ኦክታቪያ በትለርን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦክታቪያ በትለርን ለሰው ስጠቁም ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ መልስ "ሳይንስ ፊክሽን አልወድም" የሚል ነው። ያሳዝነኛል። ይህች አሜሪካዊት ደራሲ (1947-2006 እ.ኤ.አ.) ሳይንሱንም፣ ታሪኩንም፣ አስፈሪውንም፣ ፍቅሩንም እንዳስፈለጋት እያዋሀደች ነው የጻፈችው። አንባቢን ከእሷ የሚያርቁት ስህተቶች ደግሞ በጣም የታወቁ ናቸው።

የዘውጉን ስም አይቶ መወሰን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። "ኪንድረድ" (1979) ውስጥ ዳና የተባለች ጥቁር ደራሲ በ1976 ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ካለው ቤቷ ድንገት ተነጥቃ ከባርነት ዘመን ሜሪላንድ ትገኛለች። የሚስባት ሩፈስ ነው። የባሪያ አሳዳሪ ልጅ ነው፤ የእሷም ቅድመ አያት ነው። የእሱ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ትሄዳለች። ልሞት ነው ብላ ስታምን ትመለሳለች። በቃ። ማሽን የለም፣ ማብራሪያ የለም። በትለር ራሷ መጽሐፉ ሳይንስ ፊክሽን አይደለም ትል ነበር።

የጊዜ ጉዞው እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የጓጓ አንባቢ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ዳና በመጨረሻው ጉዞዋ ክንዷን ማጣቷን ገና በመጀመሪያው ገጽ ትነግረናለች። ስለዚህ ምን ይደርስባት ይሆን ብለን አንጨነቅም፤ እንዴት የሚለው ነው ይዞን የሚሄደው። ክንዱ የት እንደቀረ መጨረሻ ላይ ስናይ፣ ያ ዘመን ሰውን ሙሉ በሙሉ እንደማይለቅ በሥጋዋ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን።

ሐሳቡን ያጫረባት ኮሌጅ ሳለች የምታውቀው አንድ ወጣት ነው። የቀደሙት ጥቁሮች ብዙ ነገር ችለው መኖራቸው ያናድደው ነበር። በትለር ደግሞ እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆና በጓሮ በር ስትገባ እያየች ነው ያደገችው። ያ ችሎ መኖር ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ ለማሳየት የራሷን ዘመን ሰው እዚያው የባርነት እርሻ ላይ መጣል ነበረባት። ተራ ታሪካዊ ልብ ወለድ ይህን አይችልም።

በታተሙበት ቅደም ተከተል መጀመር

የመጀመሪያ ልብ ወለዷ "ፓተርንማስተር" በ1976 ወጣ። የአንድ ተከታታይ ክፍል ነው፤ በታሪኩ ቅደም ተከተል ግን የመጨረሻው እሱ ነው። መነሻውን የሚተርከው "ዋይልድ ሲድ" የታተመው በ1980 ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነው። ከእሱ ይጀምሩ። ከዚሁ ተከታታይ "ሰርቫይቨር"ን (1978) ፍለጋ አይድከሙ፤ ራሷ ስላልወደደችው ድጋሚ እንዳይታተም ከልክላለች።

"ብለድቻይልድ"ን የባርነት ታሪክ ነው ብሎ መዝጋት

በዚህ የ1984 አጭር ልብ ወለድ ሰዎች በባዕድ ዓለም ከግዙፍ ነፍሳት መሰል ፍጥረታት ጋር ይኖራሉ። ፍጥረታቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሰው ሰውነት ውስጥ ነው። ጋን የሚባለው ልጅ የአንድ ሰው ሆድ ተቀዶ ትሎቹ አንድ በአንድ ሲለቀሙ ያያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አሃ፣ ባርነት!" ብሎ ይደመድማል። በትለር ግን የፍቅር ታሪክ ነው፣ የአንድ ልጅ ጉልምስና ነው፣ ወንድ የሚያረግዝበት ታሪክ ነው ብላ ጽፋለች።

ጠመንጃው ያለበትን ክፍል ቀስ ብለው ያንብቡት። ጋን የያዘውን የተከለከለ ጠመንጃ እንቁላሏን በእሱ ውስጥ ልትጥል ያሰበችው ፍጥረት ልትወስድበት ትፈልጋለች። እሱ ግን እንስሶችሽ ካልሆንን አደጋውን አንቺም ተቀበይ ይላታል። ጠመንጃው እቤት ይቀራል። እንቁላሏን ለመሸከም እሺ ካለ በኋላም ይህን አልተወም። ሁለቱም የሚሰጡት ነገር አለ፤ ባርነት ብቻ ብሎ ያነበበ ሰው ይህን ድርድር ዘሎት ያልፋል።

ነቢይት ማድረግ

"ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር" በ1993 ታትሞ ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 ነው። ድርቅ፣ እሳት፣ አጥር ውስጥ የተሸሸጉ ሰፈሮች አሉበት። በ1998 የቀጠለው "ፓራብል ኦፍ ዘ ታለንትስ" ውስጥ ደግሞ አሜሪካን ዳግም ታላቅ እናድርግ የሚል ፖለቲከኛ ይመጣል። ሰው ይህን ሲያይ ይደነግጣል። ግን በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሬጋንም በ1980 ምርጫ ተመሳሳይ መፈክር ነበረው። በትለር ጋዜጣ ታነብ ነበር፣ ቤተ መጻሕፍት ትውል ነበር፣ የሚታየውን ችግር አርቃ ታስበው ነበር። ነቢይት ስንላት ይህን ሁሉ ልፋት እንሰርዝባታለን።

ልፋቷን ካነሳን አይቀር፣ ገና ከጅምሩ የተሳካላት አድርጎ ማውራትም ልክ አይደለም። በ1970 ክላሪዮን በተባለው የጸሐፊዎች ሥልጠና ላይ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ሸጠች። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ምንም አልሸጠችም። ሳህን እያጠበች፣ ፋብሪካ ውስጥ የድንች ቺፕስ እየመረጠች፣ ሌሊት ተነስታ ትጽፍ ነበር። ለልዩ የፈጠራ ችሎታ የሚሰጠውን የማክአርተር ሽልማት ያገኘችው በ1995 ነው፤ ከሳይንስ ፊክሽን ጸሐፊዎች የመጀመሪያዋ ሆና።

ቫምፓየር ነው ብሎ "ፍሌጅሊንግ"ን መተው

የመጨረሻ ልብ ወለዷ ነው፣ 2005 የወጣ። ቫምፓየሮቿ ሌላ ዝርያ ናቸው፤ ደም ከሚሰጧቸው ሰዎች ጋር እንደ ቤተሰብ ተጣብቀው ይኖራሉ፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም። "ብለድቻይልድ"ን የወደደ ሰው የዚያኑ ጥያቄ በሰፊው ያገኘዋል። ስለዚህ ሁለቱን አከታትለው ቢያነቧቸው ይሻላል።