አነስተኛ የኖራ ድንጋይ ካባ ልትከፍቱ ነው? ዕቅዱን ከመዝጊያው ጀምሩት

የኖራ ድንጋይ ካባ፣ ማለትም ድንጋይ ተቆፍሮ የሚወጣበት ቦታ፣ ሊከፍቱ የሚያስቡ ሰዎች፣ በተለይ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ማሽን ኪራይና ስለ ገበያ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ግን ወረቀት አውጡና አንድ ነገር ሳሉ፤ ድንጋዩ ወጥቶ ሲያልቅ ቦታው ምን መምሰል እንዳለበት። ጉድጓዱ የት ላይ ይቆማል? ውኃው በየት ይወጣል? ግጦሽ ይሆናል ወይስ ዛፍ ይተከልበታል? ይህ ስዕል ከሌላችሁ አፈሩን ነገ በምትቆፍሩበት ቦታ ላይ ትከምሩትና በዓመቱ እንደገና ከፍላችሁ ታስነሱታላችሁ።

ብዙዎች የአካባቢ ጥበቃ ሰነዱን ለቢሮ የሚቀርብ ወረቀት፣ የሥራ ዕቅዱን ደግሞ የፎርማኑ ጉዳይ አድርገው ይለያዩዋቸዋል። በትንሽ ካባ ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው። የጎርፍ ቦዩ የት ይቆፈር የሚለው ጥያቄ የጎረቤትን ማሳም የእናንተንም ማሽን የሚመለከት ነው።

ድንጋዩን እወቁት

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው የድንጋዩን አቀማመጥ በዓይኑ አይቶታል። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት፣ ከእሱ ሥር የኖራ ድንጋዩ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም፣ ከታች የአሸዋ ድንጋይ። ሙገር፣ ደጀን፣ መቀሌ፣ ድሬዳዋ አካባቢ ያለው የኖራ ድንጋይም በዚያው በጁራሲክ ዘመን ባሕር ውስጥ የተጠራቀመ ነው። ታዲያ ድንጋዩ ወጥ አይደለም። በንብርብሮቹ መካከል ሸክላማ ንጣፍ ይገባል። ያ ንጣፍ ሁለት ጣጣ አለው፤ ጥራቱን ያወርደዋል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ያንሸራትታል። ንብርብሩ ወደ ጉድጓዱ ያዘነበለ ከሆነ ከላይ ያለው ድንጋይ ሠራተኛ ላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከመቆፈራችሁ በፊት ንብርብሩ ወዴት እንደሚያዘነብል የሚያነብ የጂኦሎጂ ባለሙያ አምጡ። ከተቻለ ንብርብሩ ወደ ተራራው በሚያዘነብልበት በኩል ግቡ።

ለመጀመሪያ ምርመራ ድንጋዩን ፍጩና ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ቶሎ ከፈላ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቀስ ብሎ ከፈላ ማግኒዥየም የበዛበት ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ገዢን አያሳምንም። ከተለያየ ቦታና ጥልቀት ናሙና ወስዳችሁ እንደ ኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ባለ ላቦራቶሪ አስመርምሩ። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ የሆነ የኖራ ድንጋይ 56 በመቶው ካልሲየም ኦክሳይድ ነው፤ ቀሪው 44 በመቶ ሲቃጠል በጋዝ መልክ ይወጣል። የሲሚንቶ ፋብሪካ ማግኒዥየም ከበዛበት ይመልሰዋል። ለአሲዳማ እርሻ የሚሆን ኖራ ላይ ግን ማግኒዥየም ችግር አይደለም። በጎጃምና በወለጋ በኩል አሲዳማ መሬት ሰፊ ስለሆነ ገበያችሁን በሲሚንቶ ብቻ አትገድቡት፤ ክሬሸሩ (ድንጋይ መፍጫው) የሚያስቀረው ደቃቅ፣ ጥራቱ ከተመረመረና ከላመ፣ ለእርሻ ሊሸጥ ይችላል። የተሸጠ ደቃቅ ደግሞ በክረምት ወንዝ ውስጥ አይገባም።

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በዓመት 50,000 ቶን ለመሸጥ አስባችኋል እንበል። በሸክላና በደቃቅ የሚባክነውን ጨምራችሁ 60,000 ቶን መቆፈር ይኖርባችኋል። ያልተነካ የኖራ ድንጋይ አንድ ሜትር ኩብ 2.6 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ይህ ወደ 23,000 ሜትር ኩብ ነው። እርከኑን፣ ማለትም ድንጋዩ በደረጃ የሚቆረጥበትን ግድግዳ፣ 6 ሜትር ከፍታ ካደረጋችሁት በዓመት የምትከፍቱት መሬት 0.4 ሄክታር ብቻ ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። 5 ሄክታር በአንድ ጊዜ ገፎ አፈሩን ለጎርፍ ማጋለጥ ምንም ምክንያት የለውም።

አሁን አፈሩን እንቁጠር። ድንጋዩን የሸፈነው አፈር 1.5 ሜትር ከሆነና ከዚያ ውስጥ የላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ለም ከሆነ፣ በዓመት 1,150 ሜትር ኩብ ለም አፈርና 4,600 ሜትር ኩብ ሌላ አፈር ታነሳላችሁ። ሲነሳ በሩብ ያህል ያብጣል። ለም አፈሩ ለብቻው፣ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ይከመር፤ ከዚያ በላይ ከተቆለለ ውስጡ ይታፈንና ሕይወት ያለው ነገር ይሞትበታል። ሌላውን 4 ሜትር ብታደርሱት እንኳ ሁለቱ ክምር ከነተዳፋታቸው በዓመት ሩብ ሄክታር ወይም ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ያ ቦታ ድንጋይ በሌለበት፣ ጎርፍ በማይሄድበት፣ ወደፊትም በማትቆፍሩበት በኩል መሆን አለበት። ክምሩ ላይ ወዲያው ሳር ዝሩበት።

መኪናውም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። በዓመት 240 የሥራ ቀን ብትይዙ በቀን 250 ቶን ነው። 16 ሜትር ኩብ የምትይዝ ሲኖ 25 ቶን ገደማ ስለምትጭን፣ በቀን አሥር ምልልስ ማለት ነው። አሥር ምልልስ ሲባል ደርሶ መልስ ሃያ ጊዜ በሰው ደጅ ማለፍ ነውና መንገዱን በመንደሩ መሃል ወይስ በዳር የሚለውን ዛሬ ወስኑት።

እርከኑ ከስካቫተሩ ክንድ በላይ መቆም የለበትም፤ 5 ወይም 6 ሜትር ይበቃል። መኪና የሚዞርበት መደብ ቢያንስ 20 ሜትር ስፋት ይኑረው። የመውጫው መንገድ ተዳፋት ከ10 በመቶ አይለፍ። በገደሉ ዳር የአፈር ግድብ ሥሩ፣ ቁመቱ ከትልቁ መኪና ጎማ ግማሽ የማያንስ። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው ግድግዳውን አይቶ ሳይፈቅድ ማንም ከሥሩ አይግባ። ከታች እየፈለፈሉ የላይኛው በራሱ እንዲወድቅ ማድረግ በባሕላዊ ካባዎች ላይ የተለመደ ነው። ወጣቶችን የሚገድለው እሱ ነው። በምንም ምክንያት አትፍቀዱ።

ውኃው

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የኖራ ድንጋይ ከሌላው ድንጋይ የሚለየው በውኃ ነው። ውኃ ቀስ እያለ ያሟሟዋል። ባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ያየ ሰው የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ምን እንደሠራ ያውቃል፤ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ነው። የእናንተም ካባ በትንሹ እንደዚያ የተሰነጣጠቀ ሊሆን ይችላል። በስንጥቁ የገባ ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ሳይጣራ ታች ባለው ምንጭ ላይ ሊወጣ ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ገደል ሥር ያለ ምንጭ የመንደሩ መጠጥ ነው፣ ወይም ጠበል ነው። ያን ውኃ ካበላሻችሁ ይቅርታ የሚያደርግላችሁ የለም፣ ሰዎቹም ትክክል ናቸው።

ስለዚህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዙሪያው ያለውን ምንጭና ጉድጓድ ሁሉ መዝግቡ። ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ዙሩ፤ በበጋ የሚደርቀውንና የማይደርቀውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የምንጩን መጠን ለመለካት ጀሪካንና ስልክ ይበቃችኋል። 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። ይህን በየወሩ፣ ቢቻል ሥራ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ጀምራችሁ መዝግቡ። ነገ ምንጩ ቀነሰ የሚል ቅሬታ ሲመጣ፣ ጥፋቱ የእናንተም ይሁን የድርቅ፣ የምትነጋገሩበት ቁጥር አላችሁ። የጉድጓዱን ወለል ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃው በክረምት ከሚደርስበት ከፍታ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት። ናፍጣው በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ቢፈስ እንኳ ሙሉውን የሚይዝ ግድግዳ ተሠርቶለት ይቀመጥ። ዘይት መቀየር ካባው ውስጥ ክልክል ይሁን።

ጎርፉን በተመለከተ ከካባው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩ። የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ይህን በየዓመቱ ከገበሬ ጋር የሚሠራው ሥራ ነው፣ ጠይቁት። ንጹሑ ጎርፍ ወደ ካባው ሳይገባ ይለፍ። ካባው ውስጥ የዘነበውን ደግሞ ወለሉን ከ1 እስከ 2 በመቶ አዘንብላችሁ ወደ አንድ ጥግ ሰብስቡት። በአንድ ሄክታር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 400 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ከዚያ ውስጥ 70 በመቶው ቢፈስ 280 ይሆናል። በ10 በ15 ሜትር የሆነ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ይይዘዋል። ሁለት ኩሬ አከታትላችሁ ብትሠሩ የተሻለ ነው፤ አንደኛው ደለሉን ያስቀራል፣ ሁለተኛው ያጠራዋል። በግንቦት መጨረሻ ደለሉን ጠርጉ። ሰኔ ከገባ በኋላ አፈር መግፈፍ አቁሙ፤ ለክረምቱ የሚሆነውን ድንጋይ ቀድማችሁ ክሬሸሩ አጠገብ ከምሩ። በኩሬው የተረፈው ውኃ በበጋ ለአቧራ ይሆናችኋል።

አቧራና ፍንዳታ

ነጭ አቧራ ጤፍ ላይ ሲያርፍ ማንም ያየዋል። መንገዱን በቦቴ አርጥቡ፣ የተጫነውን በሸራ ሸፍኑ፣ በመንደር ውስጥ ፍጥነቱ ከ20 አይለፍ። መብሻ ማሽኑ በውኃ ይሥራ። በተለይ ድንጋዩ ውስጥ ባልጩት ካለ አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለው በጨርቅ አፍን መሸፈን አይበቃም፤ ደህና የአቧራ ማስክ ይገዛ።

ድማሚት የግድ ካልሆነ አትጀምሩት። ድንጋዩ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ስካቫተር ላይ የሚገጠም መዶሻ ብዙውን ይሠራል። ፍንዳታ ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ይሥራው። ከዚያ በፊት የአካባቢውን ቤቶች ግድግዳ ከባለቤቶቹ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፣ ያለውንም ስንጥቅ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። በገበያ ቀን፣ በእሑድና በበዓል አይሁን። 500 ሜትር ዙሪያውን ሰውም ከብትም አስወጡ፤ እረኛ ልጆችን የሚፈልግ ሰው ለብቻው መድቡ። ጭሱ ሳይጠፋና ባለሙያው ያልፈነዳ መኖሩን ሳያይ ማንም አይመለስ።

ወረቀቱና ሰዉ

ወረቀቱን ባጭሩ ልበል። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 አለ፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለ፣ የመሬት ካሳን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ። የክልላችሁ ማዕድን ቢሮና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚጠይቁትን ዝርዝር ከእነሱ ውሰዱ። ሰነዱን የሚያዘጋጅላችሁ አማካሪ ግን ቦታውን በእግሩ ያየ ይሁን። የሌላ ካባ ሰነድ ስሙን ቀይሮ የሚሰጥ አማካሪ አለ። ሰነዳችሁ ውስጥ የምንጮቻችሁ ስም ከሌለ ተቀብላችሁ አትክፈሉ።

ከሰዉ ጋር የምትነጋገሩት ከፈቃዱ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው። መቃብር፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የከብት መተላለፊያ፣ የሴቶች ውኃ መቅጃ መንገድ፤ እነዚህ በካርታ ላይ አይገኙም። መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ካሳውን ሳይቀበል ማሽን አይግባ። የቅሬታ መዝገብ ጥበቃው ቤት ይቀመጥ፤ ማን ምን እንዳለና ምን እንደተመለሰለት በቀን ይጻፍበት።

ለመዝጊያው የሚሆን ገንዘብ

የማዕድን ሥራዎች አዋጁ ራሱ ቦታውን መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንድትመድቡ ያስገድዳል። አሠራሩ ቀላል ነው። አፈሩን ለመመለስና ተዳፋቱን ለማስተካከል ስንት የዶዘርና የሎደር ሰዓት እንደሚፈጅ ገምቱ፣ በኪራዩ አባዙት፣ ችግኝና አጥር ጨምሩ፣ ለጠቅላላው ቶን አካፍሉት። የወጣውን በተሸጠው በእያንዳንዱ ቶን ላይ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ አስገቡ። የኪራይ ዋጋ ስለሚጨምር በየዓመቱ ከልሱት። ካለቀ በኋላ ከትርፍ እናወጣለን የሚል ማኅበር፣ ሲያልቅ አባላቱ ተበትነው ነው የሚገኘው።

መዝጋቱም መጨረሻውን አይጠብቅ። በሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያውን ዓመት ጉድጓድ እየሞላችሁ ሂዱ። የአዲሱን አፈር ከመከመር በቀጥታ እዚያ ብትደፉት አንድ ጊዜ ብቻ ታነሱታላችሁ፣ ወጪውም በግማሽ ይወርዳል። ተዳፋቱን ሰው ያለችግር የሚወጣው አድርጉት፣ ለም አፈሩን በላዩ አልብሱ፣ ሐምሌ ላይ ትከሉ። ወይራ፣ ግራርና ክትክታ የኖራ ድንጋይ መሬትን ይችላሉ፤ ለቦዩ ዳር ቬቲቨር ሳር ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ሥሩ ሳር አያስበቅልም። በተተከለው ላይ ቢያንስ ሁለት ክረምት ከብት እንዳይገባ ከቀበሌው ጋር ተስማሙ፤ ሳሩን እያጨዱ መውሰድ ግን ይፈቀድ፤ አጥሩን የሚጠብቀው ሳሩ የሚጠቅመው ሰው ነውና።