የድሮ ግንብ ታሪክ ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአካባቢውን አሮጌ ግንብ ታሪክ ላጥና ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው። «ማን ሠራው?» ብሎ አንድ ስም ይፈልጋል። ግንብ ግን አንዱ ጀምሮት፣ ሌላው ጨምሮበት፣ ሦስተኛው ጠግኖት ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው።

መጠሪያውን እንደ ማስረጃ መቁጠር

አክሱም ያለው ዱንጉር «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ይባላል። ቁፋሮው ያሳየው ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የነበረ የባለጸጋ መኖሪያ ነው፤ ንግሥቲቱ ኖረችበት ከሚባለው ዘመን 1,500 ዓመት ያህል ይርቃል። በደብረ ሊባኖስ አቅራቢያ «የፖርቹጋል ድልድይ» የሚባለውም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ራስ ዳርጌ ያሠሩት እንደሆነ ይነገራል።

ያማረውን ሁሉ ለባዕድ መስጠት

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። «የጎንደርን ግንብ ፖርቹጋሎች ሠሩት» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ዐፄ ፋሲል በ1632 እ.ኤ.አ. ነገሡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያንን፣ ማለትም ከፖርቹጋሎች ጋር ስማቸው የሚነሳውን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን፣ ከአገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ሚሲዮናውያኑ ቀደም ብለው በጣና ዙሪያ መገንባታቸው እውነት ነው፤ የሕንድ ግንበኛ እጅ እንደነበረበትም ይነገራል። ይሁንና ከውጭ የመጣ ሙያ አለበት ማለት ሕንፃው የባዕድ ነው ማለት አይደለም። ያዘዘው ንጉሥ የዚሁ አገር ነው። በግንበኝነትና በአናጺነት የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ለጎንደር ነገሥታት ሠርተዋል፤ «ማን ሠራው?» ሲባል ግን የሚያነሳቸው ጥቂት ነው።

በአንድ ክፍል ሙሉውን መመዘን

የጎንደሩን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱት ዐፄ ቀዳማዊ ኢያሱ ናቸው። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነበር፤ የመሠረቱ ቅሪትም ተገኝቷል። አሁን የምናየው አራት ማዕዘኑ ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ስለሆነ፣ በጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ሥዕሎች በመሥራቹ ዘመን መመደብ አይቻልም።

ግድግዳን ለማንበብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሂዱ። ብርሃኑ በጎን ሲመታው ያበጠውና የገባው ይለያል። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ሳይነካከሱ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ካዩ፣ አንዱ ግድግዳ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ሌላው ተለጥፎበታል ማለት ነው። በድንጋይ የተደፈነ መስኮት ካለ፣ ዙሪያው ያለው ኖራ ከቀሪው ግድግዳ ጋር በቀለምም በጠጠሩም ይመሳሰል እንደሆነ ይመርምሩ።

ሽማግሌዎችን መልሱን ሰጥቶ መጠየቅ

«አባባ፣ ይህን ፋሲል ነው አይደል የሠራው?» ካሏቸው «አዎ ልጄ» ይሉዎታል። ይልቅ «ልጅ ሳሉ ጣሪያው ምን ነበር? በሩ በየት በኩል ነበር? የፈረሰውን ድንጋይ ማን ወሰደው?» ይበሏቸው። ያዩትን ያወራሉ፤ የተጨመረውና የጎደለው የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ዘመን መደባለቅ

ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያሉ። የጥንት ጽሑፍ በዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ በሚቆጠረው፣ ከሆነ 5,500 ሲቀነስ ዓመተ ምሕረቱ ይገኛል። ማስታወሻዎ ላይ የትኛው እንደሆነ ሁልጊዜ ይጻፉ።

ማጽዳት፣ መለሰን፣ መቆፈር

ሌላው ስህተት ይታረማል፤ ይህኛው አይመለስም። በድሮ ኖራ ውስጥ ኖራው ሲቃጠል የገቡ የከሰል ቅንጣቶች ሊገኙ ይችላሉ። የእህል ፍሬ የምታህል ቅንጣት በቤተ ሙከራ ዕድሜዋ ሊለካ ይችላል። «እናሳምረው» ተብሎ መጋጠሚያው ሲፋቅ ይህ ማስረጃ አብሮ ይሄዳል። በምትኩ ሲሚንቶ ሲሞላ ደግሞ ግድግዳው ይታመማል፤ ኖራ እርጥበትን ያስወጣል፣ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ይዘጋበትና ድንጋዩ እንዲላጥ ያደርገዋል። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር ግንቦች ላይ በሲሚንቶ የተሠራው ጥገና በኋላ ተነስቶ በኖራ መተካት ነበረበት።

ቁፋሮም ያለ ፈቃድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓ.ም.) ይመልከቱ። መሬት ላይ የሸክላ ስባሪ ወይም የተጠረበ ድንጋይ ካገኙ ሳያነሱ እዚያው እንዳለ ፎቶ ያንሱት፤ አጠገቡ ማስመሪያ ወይም እስክርቢቶ አስቀምጠው መጠኑ እንዲታወቅ ያድርጉ፤ ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።