ከኮምቦልቻ ጋራዥ ወደ አውሮፕላን ጥገና፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የተሳቢ ሻንሲ ሲበየድ እያዩ ያደጉ የኮምቦልቻና የደሴ ልጆች የአውሮፕላን ጥገና ሊማሩ ሲገቡ ደስ ይለኛል፤ እጃቸው ብረት ያውቃል። ችግሩ ከጋራዥ ተከትለዋቸው የሚመጡት ልማዶች ናቸው። በመደበኛ ፍተሻ ላይ ስንጥቅ ወይም ዝገት ሲገኝ ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ደርቦ መሸፈን

ሻንሲ ሲሰነጠቅ ላሜራ ደርቦ መበየድ ለጭነት መኪና ያዋጣ ይሆናል፤ እሱንም እጠራጠራለሁ። የቻይና ኤርላይንስ ቦይንግ 747 በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ሲያርፍ ጭራው አስፋልት መታ። ጭረቱ በወጉ ሳይወገድ ላሜራ ተደረበበት። ከስር የተጀመረው ስንጥቅ ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ በ2002 አውሮፕላኑ አየር ላይ ተበታተነ፤ 225 ሰዎች አለቁ። በ2001 በፍተሻ ወቅት በተነሱ ፎቶዎች ላይ በላሜራው ዙሪያ ቡናማ እድፍ ይታያል፦ ካቢን ውስጥ ሲጋራ ይጨስ በነበረበት ዘመን ከአየሩ ጋር እየሾለከ የወጣ የኒኮቲን እድፍ። ስለዚህ ሪቬት (ላሜራዎቹን የሚያያይዘው ሚስማር) ዙሪያ እድፍ ካያችሁ ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ አጽዱት፣ ከዚያ እንደገና እዩት።

ዕድሜን በዓመት ብቻ መቁጠር

ካቢኑ በየበረራው በአየር ይወጠራል፣ ሲያርፍ ይረግባል። አካሉን የሚያደክመው ይህ ነው። እንደ አዲስ አበባ–ኮምቦልቻ ባለ አጭር መስመር ደጋግሞ የሚመላለስ አውሮፕላን፣ አንድ ረጅም በረራ አድርጎ ከሚውለው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወጠራል። በ1988 የሃዋይ ደሴቶችን ሲያገናኝ የነበረ የአሎሃ ኤርላይንስ 737 የጣሪያው ትልቅ ክፍል ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። ዕድሜው 19 ዓመት፣ በረራው ግን ወደ 90,000 የሚጠጋ ነበር። አንዲት መንገደኛ ስትሳፈር በሩ አጠገብ ስንጥቅ አይታ ለማንም ሳትናገር ገብታለች።

በእርሳስ ማስመር

ጋራዥ ውስጥ ማንም አይቆጣችሁም። አሉሚኒየም ላይ ግን የእርሳሱ ግራፋይት እርጥበት ሲያገኝ ዝገት ይጠራል። የተፈቀደውን ምልክት ማድረጊያ ብቻ ተጠቀሙ።

ላዩ ደህና ስለሆነ ደህና ነው ማለት

እንደ ቦይንግ 787 ባሉ ከካርቦን ፋይበር በተሠሩ አካላት ላይ የሻንጣ ጋሪ ገጭቶ ቀለሙ እንኳ ሳይነካ ውስጥ ያሉት ንብርብሮች ሊላቀቁ ይችላሉ። የገጨ ሰው ዝም ካለ መርማሪው የት እንደሚፈልግ አያውቅም። እኔ የገጨውን ከመቅጣት ይልቅ የተናገረውን አመስግኑ ባይ ነኝ።

«ለዛሬ ያደርሳል»

ስርጉድ ያለ ቦታን በዓይን ገምቶ ማለፍ አይሆንም። የአምራቹ መመሪያ ለየቦታው ገደብ አለው፤ አንድ ቦታ ላይ የሚታለፍ ስርጉድ ሌላው ላይ አውሮፕላኑን ያስቆማል። ጥልቀቱን፣ ስፋቱን፣ ከቅርቡ የውስጥ ደጋፊ ያለውን ርቀት ለክታችሁ መዝግቡ። ቀጣዩ ፈታሽ ያው ስርጉድ ይሁን አዲስ የሚለየው በዚያ ጽሑፍ ነው።