ደሴና ኮምቦልቻ ቤት ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ዳገት ናት። ቤት ልሥራ የሚለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው የሜዳ ፕላን ነው። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ፕላኑ ሜዳ ስለሚፈልግ ዳገቱ በላይ በኩል ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አፈር በታች በኩል ይሞላል። ቤቱ ግማሹ ነባር መሬት ላይ፣ ግማሹ ሙሌት ላይ ይቆማል። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ሙሌቱ ይሰጥማል፣ ነባሩ ባለበት ይቀራል፣ ግድግዳው መሀል ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ "ግንበኛው አበላሸው" ይባላል። ግንበኛው ምን ያድርግ? የቤቱን ረጅም ጎን በዳገቱ አግድም አድርጉት፤ ወለሉንም ለሁለት ክፈሉት። ሳሎኑ ዝቅ፣ መኝታው ሦስት ደረጃ ከፍ ይበል። መሠረቱ ግን በሁሉም በኩል ነባር አፈር ድረስ ይውረድ።

ውሃን መርሳት ሁለተኛው ነው። እኔም ዋጋ ከፍዬበታለሁ። ከቤቴ ጀርባ አፈር የሚይዝ ግንብ አሠራሁ። ጥቁር ድንጋይ፣ ጥሩ ሲሚንቶ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው ድፍን። ኮርቼበትም ነበር። ነሐሴ ላይ ሆዱ ተነፋ፤ መስከረም ሳይጠባ ተደረመሰ። ድንጋዩ ምንም አልነበረበትም። ከላይ የሚወርደው ውሃ መውጫ አጥቶ ከኋላው ታቆረና ገፍቶ ጣለው። አሁን በየሜትር ተኩሉ የፕላስቲክ ቱቦ አለው፣ ከኋላው ጠጠር ተሞልቷል፣ ከበላዩም ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ አለ። ቦዩን ታዲያ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳትለቁት፤ ሽማግሌ ፊት ትቀመጣላችሁ።

ጭቃ ቤትን በሲሚንቶ መለሰንም አለ። ዘመናዊ ያስመስላል። ጭቃው ሲረጥብ ይነፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ድርቅ ያለ ነው፣ አብሮት አይሄድም። በስተመጨረሻ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። እስኪረግፍ ድረስ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል። ጭቃው ከጭድ ጋር ለቀናት ከቦካ፣ ግድግዳው ጉልበት በሚደርስ የድንጋይ መሠረት ላይ ከቆመ፣ ቆርቆሮው 60 ሳንቲም ያህል ወጣ ካለ፣ አብሽሩ። ለደሴ ብርድ ከብሎኬት ይሻላል።

ጥቁር አፈር ከገጠማችሁ በበጋ የተሰነጠቀውን አይታችሁ ፍረዱ። ያ አፈር ክረምት ላይ አብጦ ወለል ያነሳል። ጥልቅ ካልሆነ ጠርጋችሁ አውጡት፤ ቦታውን በገረጋንቲ (ጠጠርማ አፈር) ሙሉና በደንብ ጠቅጥቁ። ባሕር ዛፍም ቤቱ ሥር አትትከሉ።

ሌላው፣ አንድ ፕላን ለሁለቱ ከተሞች መጠቀም። ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ኮምቦልቻ ጣሪያው ከፍ፣ መስኮቶቹ ትይዩ ይሁኑ፤ ነፋስ ይለፍ። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ በምዕራብ ስላለ ፀሐይ ቶሎ ትሸሸጋለች፤ ሳሎኑን ወደ ምሥራቅ አዙሩት።

የመሬት መንቀጥቀጥንም አንርሳ። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የማጀቴን ከተማ አፍርሷል። የብሎኬት ቤት ከላይ ዙሪያውን በኮንክሪትና በብረት መታሰር አለበት። ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ግን እሱ ነው። ይልቅ ሊሾው ይቅር፤ ገብታችሁ እየኖራችሁም ይደርሳል።