ክረምት ላይ የመኪና መስታወት ለምን እንፋሎት ይይዛል?

ሰኔ ሲገባ ጋራዥ የሚመጣ ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ነው፦ «የፊት መስታወቱ ከውስጥ እንፋሎት እየያዘ መንዳት አቃተኝ።»

ዝናቡ መስታወቱን ከውጪ ያቀዘቅዘዋል። ውስጥ ደግሞ ልብሱ የረጠበ ሰው ይተነፍሳል። እርጥበቱ ሄዶ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ያርፋል። አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረውን ቁልፍ አጥፉ፤ የውጪ አየር ይግባ። ነፋሱን ወደ መስታወቱ አዙሩና ሙቀቱንም ኤሲውንም አብሩ። «ኤሲ ለአዳማና ለድሬዳዋ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፤ ክረምት ላይ የምንፈልገው እሱን ነው። ጋዙ ካለቀ አስሞሉ። የሚያፈስበትን ሳይፈልግ ዝም ብሎ የሚሞላ ሰው ግን ገንዘባችሁን ነው የሚበላው።

ይህም ሆኖ በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ እንደገና ከያዘ፣ ምንጣፉን ገልጣችሁ በእጃችሁ ዳብሱት። አንድ ደንበኛዬ መኪናውን ግቢው ውስጥ ጽድ ሥር ነበር የሚያቆመው። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ የመስታወቱን ዙሪያ ሲሊኮን አስቀብቷል። ምንጣፉን ስናነሳ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ ጠግቧል። ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈታነው። የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹ በጽድ ቅጠል ተደፍነዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይወርዳል። ቅጠሉን ጠርገን ውሃ ስናፈስበት ወዲያው በሥር ወጣ። ምንጣፉ እስኪደርቅ ግን ቀናት ፈጀ፤ ክረምት ነዋ! ከዚያ ወዲህ ስንቱን መኪና እንዲህ ጠርጌያለሁ። ዛፍ ሥር የምታቆሙ ሰዎች፣ እባካችሁ ግንቦት ላይ አስጠርጉ።

ምንጣፉ ላይ ያለው ፈሳሽ የሚያሙለጨልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የዝናብ ውሃ አይደለም። የሞተሩ ውሃ የሚያልፍባት የማሞቂያዋ ትንሿ ራዲያተር እያፈሰሰች ነው። አትቅመሱት፣ መርዝ ነው። ቶሎ አሠሩት፤ የሞተሩ ውሃ ካለቀ ሞተሩም ይሄዳል።

መስታወቱን በመዳፍ አትጥረጉ። ቅባት ይተዋል፤ ማታ ከፊት የሚመጣው መብራት እሱ ላይ ይበተናል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ እንዲህ ያለው ነገር ሰው ይገድላል። ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ መኪና ውስጥ አይጥፋ።

ዝናብ መጥረጊያው እየጮኸ መስመር ከተወ ላስቲኩ አልቋል፤ ቀይሩት። የጎማው ጥርስ ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰም እርጥብ አስፋልት ላይ አትመኑት።

ጎርፍ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ በፍጹም ደግማችሁ አታስነሱ! ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ወደ ሲሊንደር ከገባ ፒስተኑን የያዘውን ብረት ያጣምመዋል። አስጎትታችሁ አምጡት።