ዘጌ ጫካ ውስጥ ጅራት ብቻ መፈለግ

ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀማሪ ወፍ ተመልካች፣ በሳይንሳዊ ስሟ ተርፕሲፎኔ ቪሪዲስ የምትባለውን ባለ ረጅም ጅራት ነፍሳት ለቃሚ ለማየት ይጓጓል። ከቡናው ጥላ ሥር አምስቴ በአጠገቧ አልፎ «የለችም» ብሎ ይመለሳል።

ጥፋቱ ጅራት ፍለጋው ነው። እንደ ጥብጣብ የሚውለበለበው ጅራት የአዋቂው ወንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመራቢያ ወቅት በኋላ ላባ ሲቀይር ይጥለዋል። ሴቷና ልጆቿ ጅራተ አጭር ናቸው። ጅራቱን ተዉትና ከራስ ጀምሩ፦ ወደ ሰማያዊ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ራስ፣ ጉትዬ፣ በዓይን ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት፣ ሰማያዊ ምንቃር። ቀጥሎ ጀርባው እንደ ዳማ ፈረስ ቀይ ቡናማ፣ ከታች ግራጫ። ሴቷ ላይ ጉትዬውም ቀለበቱም ደብዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም።

አንዳንዱ ወንድ ደግሞ በዳማው ፈንታ ነጭ ነው፤ እሱን ሌላ ዝርያ ብሎ መመዝገብም የተለመደ ነው። አይደለም፤ ያው ወፍ ነው። ጀርባው ዳማ ሆኖ ጅራቱ ነጭ የሆነም ይገኛል።

ጥቁር ራስ ያየ ሁሉ አገኘኋት አይበል። በየአጥሩ የምትንጫጫው ቡልቡልም ራሷ ጠቆር ያለ ነው፤ ጀርባዋ ግን አፈርማ ነው፣ የዓይን ቀለበትም የላትም። ነጭ ቅንድብና ብርቱካናማ ሆድ ይዛ መሬት ላይ ቅጠል የምትገላብጠውም ሌላ ናት። የእኛዋ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ነፍሳት ሲያልፍ ብድግ ብላ አየር ላይ ትቀልበዋለች።

«12 እጥፍ ያቀርባል» ተብሎ የሚገዛው የኪስ ባይኖኩላር ለጫካ አይሆንም። 12×25 ከሆነ (ማለትም 12 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 25 ሚሊሜትር) ወደ ዓይን የሚያደርሰው የብርሃን ክብ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የ8×42 ግን ከ5 ይበልጣል። እይታውም ስለሚጠብ፣ እንዲህ የምትቅበጠበጥ ወፍ ገና ሳትያዝ ታመልጣለች።

ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00 ሂዱ። ነፋስ ከተነሳ ቅጠሉ ሁሉ ወፍ ይመስላል።

በስልክ ድምፅ አጫውቶ መጥራት ነውር ነው፤ በመራቢያ ወቅት ደግሞ ከጎጆዋ ያስነሳታል። ጎጆዋ በቀጭን ቅርንጫፍ ባላ ላይ በሸረሪት ድር የተያያዘች፣ ከፍንጃል ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ወንዱም ተራ ገብቶ ይታቀፋል፤ ያ ስትፈልጉት የዋላችሁት ጅራት ከጎጆዋ ጠርዝ ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ አንድ እርምጃ እንኳ አትጠጉ።