ቃዲው (የሸሪዓ ዳኛው) ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ውርሱን በደብተር አስሉ
በሰፈራችን በሄርማታ ሙስሊም ጎረቤት ሲሞት፣ ለቅሶው እንደበረደ ልጆቹ ደብተር ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ጅማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ፤ በሸሪዓ የሚከፈለውን ውርስ «መምህር፣ አስሉልን» ይሉኛል። ሁሉም የሚቸኩሉት ወደ ስምንተኛውና ወደ ስድስተኛው ድርሻ ነው። ክፍልፋዩ ግን ቀላሉ ነው። ጠብ የሚመጣው የሟቹ ያልሆነ ነገር ሲካፈሉ ነው።

መጀመሪያ የእሱ የሆነውን ብቻ ጻፉ። የሚስቱ ወርቅና በራሷ ገንዘብ የገዛችው ላም ውርስ ውስጥ አይገቡም። የገጠር የቡና ማሳ ካለ ለብቻው ያዙት፤ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ስለሆነ በመሬት ሕጉ ይታያል። ከዚያ የከፈንና የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎም ዕዳ ይቀነሳል። ኑዛዜ ካለ ከተረፈው ሲሶ አይበልጥም፤ ሌሎቹ ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽም አይሆንም።

ያልተከፈለ መህርም (ባል ሲያገባ ለሚስቱ ሊሰጥ ቃል የገባው) ዕዳ ነው። ይህን በራሳችን ቤት ነው የተማርኩት። አባቴ ሲሞቱ የቡና ንግዱን ገንዘብ በሳምንት ውስጥ ተካፈልን። በኋላ የኒካሁ (የጋብቻ ውሉ) ምስክር የነበሩ ሽማግሌ የእናቴ መህር ግማሹ እንዳልተከፈለ ነገሩን። እናቴ አርባ ዓመት ዝም ብላለች! ከየኪሳችን መልሰን አዋጣን፤ ታናሽ ወንድሜ ግን በድርሻው ሞተር ብስክሌት ገዝቶበት ነበር።

አሁን ክፍልፋዩ። ሟቹ ሚስት፣ እናት፣ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ትቷል፤ የተጣራው 1,200,000 ብር ነው እንበል። ልጆች ስላሉ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ ያገኛሉ። ከ24 እጅ 3 እና 4 ሲወጣ 17 ይቀራል። ወንድ የሴት እጥፍ ስለሚወስድ 17ቱ ለአምስት (ለወንዶቹ ሁለት ሁለት፣ ለሴቷ አንድ) መከፈል አለበት፤ እርሳስ የሚነከሰው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም በ5 አባዙት፣ 120 እጅ ይሆናል። ሚስት 15 (150,000 ብር)፣ እናት 20 (200,000)፣ እያንዳንዱ ወንድ 34 (340,000)፣ ሴት ልጅ 17 (170,000)። ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች የጽንሱ ድርሻ ተይዞ ይቆያል።

ደብተሩ ሲያልቅ የፈቃድ ጉዳይ ይመጣል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። መደበኛው ፍርድ ቤት የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ያወርሳል። ልጅቷ ይህን አውቃ በሸሪዓው ከተስማማች መልካም፤ ብዙዎቹም ይስማማሉ። ወንድሞቿ ባሉበት ግን ማንም ሴት «አልፈልግም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ወንዶቹን ፎቶ ኮፒ አስነሡ ብዬ እልካቸውና በሩን ገርበብ አድርጌ እሷን ብቻዋን እጠይቃታለሁ።